ለኤልሳት የአመክንዮ ጥያቄዎች ዝግጅት፦ መጽሐፍ፣ የቪዲዮ ትምህርት፣ ክፍል ወይስ አስጠኚ?

በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት ያሰበ ሰው ለኤልሳት ፈተና መዘጋጀት ሲጀምር በቅድሚያ የሚጠይቀው «የትኛውን ልግዛ?» ብሎ ነው። ገበያው ሰፊ ነው፤ ዋጋውም ከነጻ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ዶላር ይደርሳል። እኔ ግን መልሱ ከዋጋ ዝርዝር ሳይሆን ተማሪው ከሚሳሳትበት ቦታ መጀመር አለበት ባይ ነኝ። አንዱን በሦስት ወር ያሻሻለ ዝግጅት የሌላውን ግማሽ ዓመት በከንቱ ሊያስፈጅ ይችላል፤ ምክንያቱም ሁለቱ የሚስቱት በተለያየ ምክንያት ነው።

ፈተናው ራሱ ምን እንደሚመስል በአጭሩ ላስቀምጥ። ኤልሳት የሕግ እውቀት አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ወዲህ ነጥብ የሚሰጥባቸው ክፍሎች ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ የአመክንዮ፣ አንዱ የንባብ። ከእነዚህ ሌላ ነጥብ የማይሰጥበት አራተኛ ክፍል አለ፤ አዳዲስ ጥያቄዎች የሚሞከሩት በእሱ ነው፤ ተፈታኙም የትኛው እንደሆነ አያውቅም። እያንዳንዱ ክፍል 35 ደቂቃ ይፈጃል። በአንድ የአመክንዮ ክፍል ወደ 25 የሚጠጉ ጥያቄዎች ይቀርባሉ፤ ስለዚህ ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ጊዜ ከደቂቃ ተኩል ያንሳል። ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ነው። ቀድሞ «የሎጂክ ጨዋታ» የሚባል ክፍል ነበር፤ ማየት የተሳናቸው ተፈታኞች ሥዕል መሣልን የሚጠይቀው ይህ ክፍል ይጎዳናል ብለው ከስሰው እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረሰ ስምምነት እንዲቀየር ተወሰነ። በቦታው የገባው ሁለተኛው የአመክንዮ ክፍል ነው። ዛሬ የውጤቱ ትልቁ ድርሻ በአመክንዮ ጥያቄዎች ላይ የተንጠለጠለው በዚህ ምክንያት ነው።

አገር ቤት ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ አንድ ነገር፦ በኢትዮጵያ በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዛችሁ በአሜሪካ ለኤልኤልኤም (ለሕግ ማስተርስ) የምታመለክቱ ከሆነ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ኤልሳት አይጠይቋችሁም፤ የሚጠይቁት የእንግሊዝኛ ችሎታ ማረጋገጫ ነው። ኤልሳት የጄዲ፣ ማለትም በአሜሪካ ጠበቃ ለመሆን የሚወሰደው መሠረታዊ የሕግ ዲግሪ፣ ትምህርት በር ነው። ጊዜያችሁን ከማፍሰሳችሁ በፊት የምታመለክቱበትን ፕሮግራም ለዩ።

ከመግዛት በፊት፦ የምትስቱት የት ላይ ነው?

ለማሳያ ይህን ጥያቄ ራሴ አዘጋጅቼዋለሁ፤ የፈተናውን መንፈስ ይይዛል።

«የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቅዳሜም ክፍት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ከቤተ መጻሕፍቱ በየወሩ የሚወጡት መጻሕፍት ቁጥር በግልጽ ጨምሯል። ስለዚህ ቅዳሜ መከፈቱ የሰፈሩን ሰው የበለጠ አንባቢ አድርጎታል።» ጥያቄው፦ ይህ ድምዳሜ የግድ የሚመረኮዝበት ያልተነገረ ሐሳብ የትኛው ነው?

ሀ) ቅዳሜ መጽሐፍ የሚዋሱ ሰዎች በሙሉ የተዋሱትን አንብበው ይጨርሳሉ።
ለ) የተዋሱት መጻሕፍት ቁጥር የጨመረው በአቅራቢያው የነበረ ሌላ ቤተ መጻሕፍት በመዘጋቱ ብቻ አይደለም።
ሐ) ቤተ መጻሕፍቱ እሑድም ቢከፈት የሚዋሱት መጻሕፍት ከዚህም በላይ ይጨምሩ ነበር።

ብዙ ሰው «ሀ»ን ይመርጣል። ሐሳቡ ድምዳሜውን የሚያጠናክር ስለሚመስል ያታልላል። ጥያቄው ግን የሚያጠናክረውን አልጠየቀም፤ የግድ የሚያስፈልገውን ነው የጠየቀው። መለያው ዘዴ ምርጫውን መገልበጥ ነው። «ሀ»ን እንገልብጠው፦ የተዋሱትን አንብበው የማይጨርሱ አንዳንድ ሰዎች አሉ። ድምዳሜው ወደቀ? አልወደቀም፤ ጥቂት ሰዎች ባይጨርሱም ሰፈሩ በጠቅላላው የበለጠ አንባቢ ሊሆን ይችላል። አሁን «ለ»ን እንገልብጥ፦ ቁጥሩ የጨመረው ሌላው ቤተ መጻሕፍት በመዘጋቱ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ድምዳሜው ይፈርሳል፤ ሰዎቹ ቀድሞም ያነቡ ነበር፣ የለወጡት የሚዋሱበትን ቦታ ብቻ ነው። መልሱ «ለ» ነው። «ሐ» ስለ እሑድ ያወራል፤ ክርክሩ ስለ እሑድ ምንም አላለም።

እንግዲህ ይህን ጥያቄ የሳቱ ሦስት ተማሪዎች እናስብ። አንደኛው ጊዜ ቢሰጠውም «ሀ»ን ይመርጣል፤ ችግሩ የአስተሳሰብ ነው፣ «የሚጠቅም» እና «የግድ የሚያስፈልግ» የሚሉትን አልለየም። ሁለተኛዋ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ሲቀርብላት ድምዳሜው የትኛው ዐረፍተ ነገር እንደሆነ ሳትይዝ ወደ ምርጫዎቹ ትወርዳለች፤ የእሷ ችግር የንባብ ነው። ሦስተኛው ሰዓት ሳይቆጠርበት ሁልጊዜ «ለ»ን ያገኛል፣ ሰዓቱ ሲጀምር ግን «ሀ»ን ይነካል፤ እሱን የሚጥለው ጊዜ ነው። ሦስቱም ያገኙት ውጤት አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ የሚያስፈልጋቸው ዝግጅት ግን በጭራሽ አንድ አይደለም።

የራሳችሁን ለማወቅ አንድ ይፋዊ ፈተና ወስዳችሁ የአመክንዮ ክፍሎቹን በሰዓት ሥሩ። መልሱን ሳታዩ የተጠራጠራችሁባቸውን ጥያቄዎች በሙሉ ያለ ሰዓት ደግማችሁ ሥሩ። ከዚያ በኋላ ብቻ ከመልሱ ጋር አመሳክሩ። በሰዓት ስታችሁ ያለ ሰዓት ያገኛችሁት ወደ ጊዜ ችግር ያመለክታል። ሁለቴም የሳታችሁት የአስተሳሰብ ወይም የንባብ ነው፤ እነዚህን ሁለቱን ለመለየት የጽሑፉን ድምዳሜ በራሳችሁ ቃል በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉት። በአማርኛም ቢሆን ግድ የለም። መጻፍ ካቃታችሁ ችግሩ ንባብ ነው፤ በትክክል ጽፋችሁት ምርጫውን ከሳታችሁ አስተሳሰብ ነው።

የማይቀረው ወጪ

የፈተናው አዘጋጅ ኤልሳክ ሎውሃብ የተባለ ድረ ገጽ አለው። ነጻ መለያ የከፈተ ሰው የተወሰኑ ሙሉ ይፋዊ ፈተናዎችን ያገኛል፤ ገጹም የእውነተኛው ፈተና ገጽታ ያለው ነው። በዓመት ወደ 120 ዶላር ለሚከፍል ደግሞ በአዲሱ አቀራረብ የተደራጁ ከ50 በላይ የቀድሞ ፈተናዎች ይከፈቱለታል። የሌሎች ድርጅቶችን የቪዲዮ ትምህርት ብትገዙም በእነሱ ገጽ ላይ ይፋዊ ጥያቄዎችን ለመሥራት በአብዛኛው ይህን ክፍያ መፈጸም ግድ ነው። ስለዚህ ዋጋ ስታነጻጽሩ በሁሉም ላይ ደምሩት።

ይህን ክፍያ ከሌላው ሁሉ አስቀድማለሁ፤ ያለ ምንም ሌላ ነገር ብቻውን እንኳ የተሟላ ዝግጅት ሊሆን ይችላል። ይፋዊ ጥያቄዎች ነጥብ በማይሰጥበት ክፍል በእውነተኛ ተፈታኞች ተሞክረው ያለፉ ናቸው። አንድ መልስ ብቻ ትክክል የሚሆንበት፣ አራቱ ምርጫዎች ደግሞ በሚነገር ምክንያት የሚወድቁበት ጥራት አላቸው። ሌላ ሰው የጻፈው ማስመሰያ ይህን ጥራት እምብዛም አይደርስበትም፤ ሁለት ምርጫዎች ሊያከራክሩ በሚችሉበት ጥያቄ የተለማመደ አእምሮ ደግሞ በፈተናው ቀን መጥፎ ልማድ ይዞ ይቀርባል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያመነጫቸውን ጥያቄዎችም የማልመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ማብራሪያ ለመጠየቅ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ ትክክለኛው መልስ ምን እንደሆነ ግን ከይፋዊው ቁልፍ እንጂ ከእሱ አትቀበሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በቆዩ የምክር ዝርዝሮች ላይ ካን አካዳሚ የተባለው የኢንተርኔት ትምህርት ድርጅት ነጻ የኤልሳት ትምህርት እንዳለው ታነቡ ይሆናል። ያ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2024 ተዘግቷል፤ ወደ ሎውሃብ ሂዱ።

መጽሐፍ

መጽሐፍ የሚሻለው የአስተሳሰብ ችግር ላለበትና በራሱ መቀመጥ ለሚችል ሰው ነው። ጥሩ የአመክንዮ መጽሐፍ ጥያቄዎቹን በዓይነት ይከፍላል፦ ሕጸጽ (የክርክርን ስሕተት) መለየት፣ ማጠናከር፣ ማዳከም፣ ያልተነገረ ሐሳብ መፈለግ፣ ከተነገረው የሚከተለውን ማውጣት፣ ተመሳሳይ አካሄድ ያለውን ክርክር ማግኘት፣ ወዘተ። ለእያንዳንዱ ምን ዓይነት ምርጫ እንደሚያሳስት ያሳያል። ዋጋው ከሁሉ ያነሰ ነው፤ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የፈተና መዘጋጃ መጻሕፍት ያውሳሉ።

አሮጌ መጽሐፍ መግዛት ይቻላል? ለአመክንዮ ክፍል አዎን። የአመክንዮ ጥያቄዎቹ ባሕርይ በ2024ቱ ለውጥ አልተነካም። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። ሦስቱንም የድሮ ክፍሎች አንድ ላይ የያዘ ወፍራም መጽሐፍ ከሆነ ሲሶው ከእንግዲህ ስለማይመጣው የሎጂክ ጨዋታ ነው፤ ለእሱ አትክፈሉ። ሁለተኛ፣ ይፋዊ ፈተናዎቹ በአዲሱ አደረጃጀት ከ101 ጀምሮ ቁጥር ወጥቶላቸዋል፤ የቆየ መጽሐፍ «የዚህን ቁጥር ፈተና ሥሩ» ሲላችሁ በሎውሃብ ላይ በዚያ ቁጥር አታገኙትም።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የሎጂክ ኮርስ የወሰዳችሁ ተማሪዎች በመጽሐፍ በኩል ፈጥናችሁ ትራመዳላችሁ። መነሻና ድምዳሜን ለይታችሁ ታውቃላችሁ። ግን በዚያ ኮርስ ፈተና ላይ ዋናው ሥራ የሕጸጹን ስም መጥራት ነበር፤ ኤልሳት ስሙን አይጠይቅም። ምርጫው የሚመጣው በመግለጫ መልክ ነው፦ «የቀረበውን ሐሳብ ትቶ ያቀረበውን ሰው ያጠቃል»፣ «ሁለት ነገሮች አብረው በመከሰታቸው አንዱ የሌላው መንስኤ ነው ይላል» በማለት። የላቲን ስሞቹን በቃል ለመያዝ የሚጠፋው ጊዜ እዚህ ምንም አይመልስም። ይልቅ እያንዳንዱን ሕጸጽ ባያችሁ ቁጥር በሁለት መንገድ ግለጹት፤ ፈተናው በየጊዜው ልብሱን ቀይሮ ስለሚያመጣው።

የቪዲዮ ትምህርት በወር ክፍያ

ሰቨንሴጅ፣ ኤልሳት ዲመን፣ ኤልሳት ላብና መሰሎቻቸው በወር ክፍያ የሚሠሩ ናቸው። መግቢያ ዋጋቸው በአብዛኛው በወር ከ100 ዶላር በታች ነው። ከመጽሐፍ የሚበልጡበት ዋናው ነገር ቪዲዮው አይደለም። እያንዳንዱን ይፋዊ ጥያቄ የሚያብራራ ሰው ማግኘታችሁ እና በየትኛው የጥያቄ ዓይነት ስንቱን እንደምትስቱ ገጹ ቆጥሮ ማሳየቱ ነው። ሥራ እየሠራ በማታ ለሚያጠና ሰው ይህ ቆጠራ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ያለችውን አንዲት ሰዓት የት ላይ እንደሚያውል ያውቃል።

ድክመቱ ማየት መማር መስሎ መታየቱ ነው። ተማሪው ጥያቄ ይስታል፣ የአራት ደቂቃ ማብራሪያ ያያል፣ «አሃ፣ ገባኝ» ይላል፣ ያልፋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ሕጸጽ በሌላ ታሪክ ሲያገኘው ዳግም ይሳሳታል። የወር ክፍያ የምትገዙ ከሆነ ቪዲዮውን ከመክፈታችሁ በፊት የራሳችሁን ማብራሪያ ጻፉ፦ የመረጥኩት ለምን ስሕተት ሆነ፣ ትክክለኛው ለምን ትክክል ሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ምን ሳይ እነቃለሁ። ቪዲዮው የሚመጣው የጻፋችሁትን ለማረም ነው። በዚህ መንገድ በቀን አምስት ጥያቄ የሠራ ሰው ሠላሳ ጥያቄ ሠርቶ ሠላሳ ቪዲዮ ካየው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

በመጽሐፍና በቪዲዮ መካከል ለምትዋልሉ የኔ ምርጫ ይህ ነው፦ መጽሐፉን በመጀመሪያዎቹ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንታት፣ የወር ክፍያውን ከዚያ በኋላ። መሠረቱን ለመጣል በወር መክፈል አያስፈልግም፤ የማብራሪያ ክምችቱ የሚጠቅመው በርካታ ፈተናዎችን መሥራት ስትጀምሩ ነው።

የቀጥታ ክፍልና የግል አስጠኚ

ትልልቆቹ ድርጅቶች የሚሰጡት የቀጥታ ክፍል ብዙ ጊዜ ከ1,000 ዶላር ይበልጣል። የሚሰጣችሁ በዋናነት የጊዜ ሰሌዳ ነው። ብቻውን ሲሆን ሰኞን ወደ ማክሰኞ የሚያስተላልፍ ሰው በዚህ ይጠቀማል። ነገር ግን ክፍሉ በአማካዩ ተማሪ ፍጥነት ይሄዳል፤ እናንተ የምትስቱት ማጠናከር ላይ ሆኖ ክፍሉ ሁለት ሳምንት ሕጸጽ ላይ ቢቆይ መጠበቅ ነው። ለዚህ ገንዘብ ይህ በቂ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ቃል አለኝ። በሲልቨር ስፕሪንግም በአሌክሳንድሪያም ልጃቸውን ለሕግ ትምህርት ለማብቃት ሁለት ፈረቃ የሚሠሩ እናትና አባት አሉ፤ ውዱን ክፍል መክፈልን የፍቅር መግለጫ አድርገው ያዩታል። ፍቅሩ አይጠየቅም። ክፍያውን ከመፈጸማችሁ በፊት ግን ልጃችሁን የስሕተት ደብተሩን፣ ማለትም የሳታቸውን ጥያቄዎችና ለምን እንደሳታቸው የሚጽፍበትን፣ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ደብተር ከሌለ ውዱ ክፍልም አይረዳውም። ደብተሩ ካለና ለወራት ተሞልቶ ውጤቱ ከቆመ ደግሞ ክፍል ሳይሆን ለጥቂት ሰዓታት የግል አስጠኚ ያስፈልገዋል።

የግል አስጠኚ በሰዓት ከ100 ዶላር በላይ መጠየቁ የተለመደ ነው። ይህን ገንዘብ መሠረታዊ ትምህርት ለመማር ማውጣት ብክነት ነው። አስጠኚ የሚያስፈልገው ልክ እንደ ሐኪም ምርመራ ነው፤ ምልክቱን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ እሱ መንስኤውን ያገኛል። በተከታታይ የሳታችኋቸውን አሥር ጥያቄዎች ይዛችሁ ሂዱ፤ አስጠኚው እንዲያስተምራችሁ ሳይሆን እናንተ ጮክ ብላችሁ እያሰባችሁ ስትሠሩ እንዲያዳምጣችሁ ጠይቁት። ጥሩ አስጠኚ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ዝም ብሎ ያዳምጥና አስተሳሰባችሁ የታጠፈበትን ቃል ይጠቁማል። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ራሱ የሚያስረዳ ከሆነ ማብራሪያውን በቪዲዮ በርካሽ ታገኙታላችሁ። የአስጠኚው የራሱ ውጤት 175 መሆኑም ብቻውን አይበቃም፤ በተፈጥሮ የሚመጣለት ሰው ለምን እንደማይመጣላችሁ ላይገባው ይችላል።

የማይከፈልበት አማራጭ፦ የጥናት ጓደኛ

ከሁሉ ያነሰ ግምት የሚሰጠው ይህ ነው፤ እኔ ከክፍልም አስበልጠዋለሁ። ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ለየብቻ በሰዓት ይሠሩና መልሱን ሳያዩ ይገናኛሉ። በተለያዩባቸው ጥያቄዎች ላይ እያንዳንዱ ሌላውን ለማሳመን ይከራከራል። ለምን ትክክል እንደሆናችሁ ለሌላ ሰው ማስረዳት ያቃታችሁ መልስ ብታገኙትም በዕድል ያገኛችሁት ነው። ክርክሩን በአማርኛ ማድረግ ምንም አያጎድልም፤ የጽሑፉን ቃላት ግን ከእንግሊዝኛው ላይ እየጠቆማችሁ ተከራከሩ፤ «አንዳንድ» ወይም «አብዛኛው» የምትል አንዲት ቃል መልሱን ትለውጣለችና።

ችግሩ የንባብ ለሆነበት ሰው ይህ አማራጭ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። በእንግሊዝኛ የተጻፉ ቀለል ያሉ ጽሑፎችን ማንበብ ብዙ አይረዳውም፤ የፈተናው ዐረፍተ ነገሮች ረጃጅምና በቅድመ ሁኔታ የታሰሩ ናቸው። የሚሻለው ማሠልጠኛ የቀድሞ ፈተናዎች የንባብ ክፍል ነው፤ አንድ አንቀጽ አንብቦ ለጓደኛው በሁለት ዐረፍተ ነገር መንገር፣ ጓደኛው የጎደለውን መጠቆም።

በሥዕል ማስቀመጥ ወይስ በንባብ መከታተል?

ሌላው የዝግጅት መንገዶች የሚለያዩበት ነጥብ ይህ ነው። አንዳንዶቹ «ከሆነ... ይሆናል» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮችን በሙሉ በፊደልና በቀስት አስቀምጡ ይላሉ፤ ሌሎቹ ቀስት ጨርሶ አያስፈልግም ይላሉ። ይህን ተመልከቱ፦ «በዚህ ከተማ ፈቃድ የሌለው ሰው ታክሲ መንዳት አይፈቀድለትም። አበበ ፈቃድ አለው። ስለዚህ አበበ ታክሲ መንዳት ይፈቀድለታል።» ስሕተቱ ያለ ቀስትም ይታያል፤ ፈቃዱ የግድ ቢሆንም ብቻውን ላይበቃ ይችላል፣ ኢንሹራንስም ሊጠየቅ ይችላል። ሰንሰለቱ አራት ደረጃ ሲረዝም ግን በጭንቅላት መያዝ ይከብዳል። የኔ ምክር ቀስቱን ለሁለት ሳምንት በደንብ መማር፣ ከዚያ በአንድ ክፍል ውስጥ በጣም ጥቂት ለሆኑ ጥያቄዎች ብቻ መጠቀም ነው። የሎጂክ ጨዋታው ከወጣ በኋላ ሥዕልን ማዕከል ያደረገ ዝግጅት ዋጋው ቀንሷል።

የጊዜ ችግር ላለበት ሰው አዲስ ነገር መግዛት አያስፈልገውም። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፤ ስለዚህ ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም። ወደ ክፍሉ መጨረሻ ጥያቄዎቹ በአመዛኙ እየከበዱ ይሄዳሉ፤ ሁለት ደቂቃ የበላ ጥያቄን ምልክት አድርጎ ማለፍን መለማመድ ከማንኛውም ፍጥነት ማሠልጠኛ ይበልጣል። በሰዓት መሥራትን የምትጀምሩትም ያለ ሰዓት ከሞላ ጎደል ሁሉንም ማግኘት ስትችሉ ይሁን።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

እውነተኛውን ፈተና እንደ ልምምድ አትቁጠሩት። አንድ ሰው ውጤቱ በሚመዘገብበት አምስት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ፣ በሕይወት ዘመኑ ደግሞ ሰባት ጊዜ ብቻ ነው የሚፈተነው፤ የአንዱ ፈተና ክፍያም ከ200 ዶላር ይበልጣል።

ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ኤልሳክ የክፍያ ነጻነት አለው። የአሜሪካ ዜጎችና ግሪን ካርድ ያላቸው ቋሚ ነዋሪዎች ማመልከት ይችላሉ። የተፈቀደለት ሰው የፈተናውን ክፍያና የሎውሃብን ዓመታዊ ክፍያ ጨምሮ ከበርካታ ወጪዎች ይድናል፤ አንዳንድ የቪዲዮ ትምህርት ድርጅቶችም ማረጋገጫውን ላቀረበ ተማሪ ዋጋቸውን እጅግ ይቀንሳሉ። ፈቃዱ ቀድሞ የተከፈለ ገንዘብን አያስመልስም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማመልከቻውን መሙላት ነው፤ መልሱ እስኪመጣ በነጻው የሎውሃብ መለያ የመጀመሪያውን ፈተና ሠርታችሁ የስሕተት ደብተራችሁን ጀምሩ።